ልብ ወለድ ሳይታተም በፊት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት አምስት ደብተር በሲባጎ አስሮ ወደ ጽሕፈት ክፍላችን መጣ። በደብተሮቹ ውስጥ ያለው የልብ ወለድ ታሪክ ሲሆን፤ ጥያቄው በየትኛው ማተሚያ ቤት ቢያሳትመው እንደሚሻል ነበር። ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ ብንጠይቀው፤ የእናቱ ዕቁብ በሚመጣው ወር እንደሚወጣላቸውና ሊሰጡት ቃል እንደ ገቡለት ነገረን። ስንት ጊዜ መልሶ እንደ ጻፈው ጠየቅነው፤ ፊደሉን አንድ ጊዜ እንዳረመ መለሰልን። ለማን እንዳነበበው ስንጠይቀው ግን ዝም አለ። ዕቁባቸውን የሚሰጡት እናት ከመጽሐፉ አንዲት ቃል እንኳ አልሰሙም።

ደብተሮቹን ተቀብለን ለማንበብ በቻልን ነበር፤ ነገር ግን መልሰን አስያዝነው። ምክንያቱን ለእርሱም፤ እንደ እርሱ ለሚጽፉትም፤ ይልቁንም ጸሓፊ ልጅ ላለባቸው ቤተ ሰቦች ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

በፈረንሳይ አገር፤ ከሩዋን ከተማ አጠገብ፤ ክርዋሴ በምትባል መንደር ጉስታቭ ፍሎቤር የተባለ ደራሲ ከእናቱ ጋራ ይኖር ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1849 ዓመተ ምሕረት፤ ዕድሜው 27 ዓመት ሲሆን፤ ስለ አባ እንጦንስ ፈተና የጻፈውን ረዥም ድርሰት ጨርሶ ሁለቱን ወዳጆቹን ሉዊ ቡዬንና ማክሲም ዱ ካንን ወደ ቤቱ ጠራ። ዱ ካን በኋላ በትዝታው እንደ ጻፈው ንባቡ አራት ቀን፤ በጠቅላላው 32 ሰዓት ፈጀ። እስከ ፍጻሜው ድረስ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ወዳጆቹ የሰጡት ፍርድ ድርሰቱ ወደ እሳት ይጣል የሚል ሆነ።

ፍሎቤር ተከራከረ፤ እጅግም አዘነ። ድርሰቱን አላቃጠለውም፤ አላሳተመውምም፤ አስቀመጠው። ዱ ካን እንደሚለው ወዳጆቹ በየቀኑ ከምናየው ኑሮ ታሪክ ፈልጎ እንዲጽፍ መክረውት ነበር። እርሱም በ1851 በገጠር ከተማ ስለምትኖር የአንድ ሐኪም ሚስት መጻፍ ጀመረ። ይህን ለመጨረስ አምስት ዓመት ያህል ፈጀበት፤ በ1856 በመጽሔት፤ በ1857 በመጽሐፍ ወጣ። ይኸውም «ማዳም ቦቫሪ» ነው። በሚጽፍበት ጊዜ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በክፍሉ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጮኸ ያነበው ነበር፤ ለትንፋሽ የማይመቸውንም እያፈረሰ እንደ ገና ይሠራው ነበር። ተቀምጦ የቈየው የእንጦንስ ድርሰት ደግሞ ተሻሽሎና አጥሮ በ1874 ታተመ፤ ከዚያ ንባብ በኋላ 25 ዓመት መሆኑ ነው።

የወዳጆቹ ፍርድ በሙሉ ትክክል ነበረ ለማለት አንደፍርም፤ ጭካኔም አለበት። ነገር ግን 32 ሰዓት ተቀምጦ የሚያዳምጥና ያሰበውን ሳይሸሽግ የሚናገር ወዳጅ ስንቱ ደራሲ አለው?

ልብ ወለድ የሚለው ስም ራሱ ወጣቶቻችንን ሳያሳስታቸው አልቀረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓመተ ምሕረት በሮማ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባል ነበርና ስሙ ለዚህ ዐይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ልብ የወለደውን ግን እንደ ማናቸውም ልጅ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ በተወለደበት ቀን ለዓለም አይሰደድም።

የአማርኛ ድርሰት ደግሞ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የቀረበ ነው። በ1958 የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው፤ መጽሐፉን በእጃቸው ያልያዙ ብዙ ሰዎች ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ዐወቋቸው። ደካማ ድርሰት እንዲህ ያለውን ንባብ ሊሸከም አይችልም፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ያስታውቃል።

ጆሮ የሚያገኘው ጕድለት ምንድን ነው? በቋንቋችን ግሥ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚውል፤ ያልታረመ ድርሰት ሁሉ ነበር፤ ነበር፤ ነበር እያለ ይሄዳል። ዓይን ይህን ይዘለዋል፤ የሚያነበው አንደበት ግን ይሰለቻል። መምህሩም፤ ገበሬውም፤ የስድስት ዓመቱም ሕፃን በአንድ ዐይነት ምሳሌያዊ አነጋገር የሚናገሩ እንደ ሆነ፤ ይህም ሲነበብ ይሰማል፤ አድማጩ «አሁን የተናገረው ማን ነው?» ማለት ይጀምራልና።

ከሁሉ ይበልጥ ግን በአንቱና በአንተ እንዲጠነቀቁ እናሳስባለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሏን አንቱ ስትል የኖረች ሴት አንድ ማታ በራት ጊዜ አንተ ብትለው፤ ደራሲው ስለ ቍጣዋ ሌላ ገጽ መጻፍ አያስፈልገውም።  ነገር ግን ደራሲው ሳያስተውል በሦስተኛው ምዕራፍ አንቱ ያሰኛትን በሰባተኛው አንተ ቢያሰኛት፤ ፊደል ያልቈጠሩት አያት ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ተጣሉ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህች አንዲት ጥያቄ ለጸሓፊው ከብዙ ምስጋና ይልቅ ትጠቅመዋለች።

ስለዚህ ድርሰቱ ካለቀ በኋላ አንድ ሁለት ወር ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚያ በየማታው ጥቂት ጥቂት ይነበብ። ደራሲው እያነበበ አይከራከር፤ አድማጩ የተንጠራራበትን፤ ወይም ቡናውን ለመቅዳት የተነሣበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርግበት። አድማጮችም ልጃችን ነው ብለው አያሞግሱ፤ ሥራ ፈት ነው ብለውም አይገሥጹ፤ ያልገባቸውንና ያላመኑትን ብቻ ይናገሩ። ምልክቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ቃል በመሠረዝ ብቻ የሚታረም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በአዲስ ወረቀት እንደ ገና መጻፍ አለበት። ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም»ን ሲጽፍ ሚስቱ ወይዘሮ ሶፍያ የተሰረዘና የተደለዘውን ረቂቁን ደጋግማ በእጅዋ ትገለብጥለት ነበር። የርሷን ድካም ሳናነሣ ብናልፍ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ነውር ይሆንብናል።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ካስረዳነው በኋላ እናቱ መጽሐፉን ሰምተው ባይወዱት ዕቁቡን ይከለክሉት እንደ ሆነ ጠየቀን። ሊሆን ይችላል አልነው፤ ገንዘቡ የእርሳቸው ነውና። ደብተሮቹን አንሥቶ ከደጃፉ ከደረሰ በኋላ ግን ተመልሶ ሌላ ነገር ነገረን። እስካሁን ያላነበበላቸው ጊዜ አጥቶ አይደለም። በሦስተኛው ደብተር ውስጥ ያለችው ሴት ስሟ ተለውጧል እንጂ እናቱ ናቸው፤ አባቱም ቤቱን ጥለው የሄዱበት ሌሊት በዚያው እንደ ነበረ ተጽፏል። ይህን እርሳቸው ከጎረቤት አፍ እንዲሰሙት ወይም ታትሞ እንዲያዩት አስቦ እንደ ሆነ ጠየቅነው፤ እስከዚያ ድረስ አላሰበም ነበር።

እንግዲያስ ንባቡን ከሦስተኛው ደብተር ጀምር አልነው።