የአውሮፕላን ጭስ እና የሥጋ ላኪው ሒሳብ

ከሞጆና ከቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች የሚወጣው የፍየልና የበግ ሥጋ በአብዛኛው ሳይቆራረጥ ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጓዛል። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። ይህ ጭስ አሁን ዋጋ እየወጣለት ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የካርቦን ማካካሻ ሥርዓት ከ2027 ጀምሮ ለአብዛኞቹ አገሮች ግዴታ ይሆናል። በጣም ዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አገሮችና ወደብ አልባ ታዳጊ አገሮች በፈቃዳቸው ካልገቡ በቀር አይገደዱም። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ስለሆነች፣ «እኛን አይመለከትም» የሚል ነጋዴ አይጠፋም።

ይህ አስተሳሰብ ያስከፍላል። በአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርቶች የሚቀርበው ነዳጅ ከ2025 ጀምሮ 2 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶ ዘላቂ ነዳጅ እንዲቀላቀልበት ታዟል፤ በ2050 ድርሻው 70 በመቶ ይደርሳል። ይህ ነዳጅ ከተለመደው በብዙ ይወደዳል። ሥጋ ጫኙ አየር መንገድ ወደ አውሮፓም የሚበር ከሆነ፣ ተጨማሪ ወጪውን ውሎ አድሮ ለደንበኞቹ ሁሉ ማካፈሉ አይቀርም።

ላኪው የነዳጁን ዋጋ መወሰን አይችልም። በከንቱ የሚበረውን ሥጋ መቀነስ ግን በእጁ ነው። ረጅም መንገድ በመኪና ተጭኖ፣ ሳያርፍና ውሃ ሳይጠጣ የታረደ እንስሳ ሥጋው ይጠቁራል፤ ቶሎም ይበላሻል። መዳረሻው ላይ ውድቅ ሲደረግ ገንዘቡም ነዳጁም አብረው ይባክናሉ። ጭሱ ግን አየር ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የአቪዬሽን ዘላቂነት ለሥጋ ንግዱ የሚጀምረው ከእርድ በፊት ባለው ማረፊያ በረት ነው። እያንዳንዱ ቄራ ከላከው ኪሎ ጎን ውድቅ የሆነበትን ኪሎና ምክንያቱን ይመዝግብ። ቅዝቃዜው እስከ አውሮፕላኑ በር እንዳይቋረጥ ኃላፊ ይመደብለት። ኒውዚላንድ አየር በሌለው ማሸጊያ የታሸገ የበግ ሥጋ ቀዝቅዞ በመርከብ ትልካለች፤ በጅቡቲ በኩል ይህን መሞከርም የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑ በቁጥር ይፈተሽ።

የጭነት ዋጋ እስኪጨምር መጠበቅ አያስፈልግም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።