ቫርኒሽና ላከር፦ መዝገበ ቃላቱን ወይስ አናጢውን?

‹‹የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም›› ሲባል እየሰማን አድገናል። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምርበት፤ የሚያብለጨልጭ ጠረጴዛ ሁሉ ቫርኒሽ የተቀባ አይደለም። ይሄን የተማርኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጽሑፍ ዝግጅት ትምህርት ስለ ቤት ዕቃ እንክብካቤ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። ከእንግሊዝኛው ላይ ቫርኒሽና ላከር የሚሉ ሁለት ቃላት እየተፈራረቁ ቢያስቸግሩኝ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ለሁለቱም ያገኘሁት ፍቺ ‹‹እንጨት የሚያብረቀርቅ ቅባት›› የሚል ነው። እኔም ‹‹ያረጀ ጠረጴዛ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ወይም ላከር ቢደረብበት አዲስ ይሆናል›› ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ለሰፈራችን አናጢ ሳነብላቸው ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጠው አዩኝ። ‹‹ስማ ልጄ፣ ይሄን አንብቦ ቫርኒሽ ላይ ላከር ያስረጨ ሰው ጠረጴዛው ተሸብሽቦ ቁጭ ሲል ማን ሊከፍለው ነው? አንተ?››

እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ያለው አደራረቃቸው ላይ ነው። የተለመደው ቫርኒሽ ዘይትና ሙጫ አለበት። በአኳራጅ ይቀጥናል፤ አኳራጁ ከተነነ በኋላም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። አንዴ ከጠነከረ ቲነር ቢያሸበሽበው እንጂ መልሶ አያሟሟውም። የተለመደው ላከር ግን ቲነሩ ሲተን ቶሎ ይደርቃል፤ ቲነር ሲነካው ደግሞ መልሶ ይሟሟል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ወደ ላከር የዞሩት ለዚሁ ፍጥነቱ ነው፤ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የማድረቅ ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ። አደጋቸውም ይለያያል። የቲነር ትነት እሳት ለመያዝ ፈጣን ነው። በዘይት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል።

እርግጥ እንግሊዝኛውም ቢሆን ንጹህ አይደለም። ቻይናዎችና ጃፓኖች ከዛፍ ደም የሚያዘጋጁትን፣ እርጥበት ባለው አየር የሚጠነክረውን ቅባትም ላከር ይለዋል። እንግዲህ መዝገበ ቃላት ብቻውን የት ያደርሰናል?

አንዳንድ ጓደኞቼ ‹‹አንባቢው ሁሉ አናጢ ነው እንዴ? ‹ቅባት› ብለህ እለፈው›› ይሉኛል። እኔ ግን አልስማማም። አናጢውማ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ የእኛን ጽሑፍ አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣው የማያውቀው ሰው ነው። ሁለት ቃል ተመሳስሎብን አንዱን በአንዱ ስንተካ የምናጠፋው የሰው ንብረት ነው።

ስለዚህ የሙያ ቃል ሲገጥመን መጽሐፉን ዘግተን ብሩሹን የያዘውን ሰው እንጠይቅ። ‹‹ምን ይባላል?›› ብቻም አይበቃም፤ ‹‹እንዴት ይደርቃል? በምን ይለቃል?›› እንበል። እኔ ረቂቄን ቀድጄ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ከማስረከቤ በፊትም አናጢው ዘንድ ወስጄ በድጋሚ አነብላቸዋለሁ።

ቸር ይግጠመን!