ለማይታይ ሕመም ማስረጃው ምንድነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። በሽታቸውን ሳይደብቁ ተናግረው የሚያምናቸው ያጡስ?

ሥር የሰደደ የሽንት ፊኛ ሕመም ያለበት ሰው ፊኛው ሲሞላ ይታመማል፤ ሲሸና ጥቂት ይቀለዋል፤ ሌሊት ደጋግሞ ይነሳል። የሽንት ምርመራው ግን ምንም ተሕዋስ አያሳይም፤ አንቲባዮቲክ ቢወስድም አይፈውሰውም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በአሜሪካ ብቻ ከ3.3 እስከ 7.9 ሚሊዮን የሚሆኑ ሴቶች ምልክቱ እንዳለባቸው ገምቷል።

ሕግ የተማረ ሰው ስለ ፊኛ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የዚህን በሽታ የምርምር ታሪክ ሳነብ የማስረጃ ክርክር መስሎ ታየኝ። የጆንስ ሆፕኪንሱ ሐኪም ጋይ ሃነር እ.ኤ.አ. በ1915 በፊኛ ግድግዳ ላይ የሚገኘውን ቁስል በጽሑፍ አስታወቀ። ችግሩ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ቁስሉ የሌለባቸው መሆኑ ነው። ስንቷ ሴት «ጭንቀት ነው» ተብላ ተሸኘች! እ.ኤ.አ. በ1984 ራሷ ሕመምተኛ የሆነችው ቪኪ ራትነር የሕመምተኞችን ማኅበር ያቋቋመችው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለተመራማሪዎች ጥብቅ መስፈርት አወጣ። መስፈርቱ የወጣው ለጥናት ነበር፤ ሐኪሞች ግን ለምርመራም ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መስፈርቱ በጥብቅ ቢሠራበት ባለሙያዎች በሽታው አለባቸው ወይም ሳይኖርባቸው አይቀርም ካሏቸው ሕመምተኞች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይቀሩ ነበር። ትርጓሜ ሲጠብ ባለ መብቱም አብሮ ይወጣል።

የዛሬው ምርምር አቅጣጫውን ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው «ማፕ» የተሰኘው የምርምር መረብ ፊኛውን ብቻ ሳይሆን ነርቭንና አንጎልንም መረመረ። ቁስል ያለባቸውንና የሌለባቸውን ለይቶ ማጥናትም እየተለመደ ነው፤ የተለያየ በሽታ በአንድ መዝገብ ተጠቅልሎ አንድ መድኃኒት አይፈታውምና። ተስፋም ቢሆን ማስረጃ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈቀደው ኤልሚሮን የተባለው እንክብል የዓይንን ብርሃን መቀበያ ሊጎዳ እንደሚችል ሪፖርት የወጣው ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ሕጉ የሚጠይቀው የሐኪም ማስረጃ ነው እንጂ «ቁስልህን አሳይ» አይልም። ማስረጃው የሚጻፈው ግን ሐኪሙ በሽታውን ሲያውቀው ነው። ሐኪሙ ካላወቀው ሕመምተኛዋ ሰነፍ ተብላ እንጀራዋን ታጣለች።

ስለዚህ በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ይህ ሕመም በስሙ ይጠራ እላለሁ። አለቆችም «ምንም አልተገኘብሽም» የሚለውን ወረቀት «ምንም የለብሽም» ብለው አያንብቡት። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ቸር ይግጠመን!