አስቤዛን እስከ ደንበኛው ደጅ ማድረስ ለነጋዴውና ለወላጁ የሚሰጠው ጥቅም

የንግድ ሥራ መሠረቱ ዕቃን ካለበት ስፍራ ወደሚፈለግበት ስፍራ ማድረስ ነው። አስመጪው ሩዙንና የምግብ ዘይቱን ከባሕር ማዶ እስከ ጅቡቲ ወደብ፣ ከወደቡም እስከ መጋዘኑ ያስጉዛል፤ ጅምላ ሻጩ ከመጋዘን ወደ ሱቅ ያሻግራል፤ ባለሱቁም በመደርደሪያው ላይ አሰናድቶ ገዥን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ዕቃ ከሱቁ እስከ ገዥው ማድ ቤት ያለችውን የመጨረሻዋን አጭር መንገድ የሚሻገረው ግን በአብዛኛው በገዥው ትከሻ ነው። የዚህችም መንገድ ድካምና ወጪ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ እንደሌለ ተቆጥሮ ኖሯል።

በአዲስ አበባ ከተማ ባልና ሚስት ሁለቱም ከቤት ውጭ በሥራ የሚውሉባቸው ቤቶች በርክተዋል። እናትና አባት ማለዳ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ ማታም ከሥራ ሲወጡ የታክሲው ሰልፍና የመንገዱ መጨናነቅ ይቀበላቸዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሽንኩርቱ፣ የዘይቱ፣ የሳሙናውና የልጆቹ ወተት ጉዳይ አለ። ከተማው እየሰፋ በሄደ መጠን ገበያውም ከብዙዎች ርቋል። ለረጅም ዘመን በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሐይሌ ጋርመንት መዛወሩ የሚታወስ ነው። በመሐል ከተማ ለሚኖር ወላጅ ሽንኩርትን በርካሽ ዋጋ ከምንጩ ገዝቶ መመለስ የግማሽ ቀን ጉዞ ሆኗል።

ጊዜም እንደ ገንዘብ በቁጥር ሊተመን ይችላል። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአስቤዛ ብትወጣና ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅባት፣ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በዓመት 156 ሰዓት ይሆናል። ይህም በቀን 8 ሰዓት በሚሠራበት ስሌት ከ19 የሥራ ቀኖች በላይ ነው። የመንግሥት ወይም የድርጅት ሠራተኛ በዓመት ከሚያገኘው የዕረፍት ፈቃድ ጋር የሚስተካከል ጊዜ በመመላለስ ይጠፋል ማለት ነው። ይህ ጊዜ ለልጆች ጥናት፣ ለትርፍ ሥራ ወይም ለዕረፍት ቢውል ቤተሰቡ እንዴት ያለ ጥቅም እንደሚያገኝ ለማንም ግልጽ ነው።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። አምስት ሊትር ዘይት፣ የዱቄት ከረጢትና የሳሙና ካርቶን የተሸከመ ሰው በተራ ታክሲ ለመሳፈር ስለሚቸገር የኮንትራት ታክሲ ይይዛል፤ ኪራዩም ከዕቃው ዋጋ ላይ ተደማሪ ይሆናል። ደክሞትና ርቦት ወደ ሱቅ የገባ ሰው ደግሞ ያላሰበውን ጭምር ይገዛል፤ ልጆቹን አስከትሎ የገባማ ብስኩቱንና ከረሜላውን ሳይገዛ አይወጣም። ጊዜ ያጣ ወላጅ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ፣ አብሮ ቢገዛው ይቀንስለት የነበረውን ዋጋ ያጣል። በአንጻሩ እቤቱ ተቀምጦ የጎደለውን ከጓዳው አይቶ የሳምንቱን አስቤዛ በዝርዝር ጽፎ የሚያዝ ሰው፣ ድምሩን ከመክፈሉ በፊት ያየዋል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውንም ይሰርዛል።

አሳቡ ራሱ ለከተማው እንግዳ አይደለም። የእህል ነጋዴ ጤፉን በኩሊ አሸክሞ እስከ ወፍጮ ቤት፣ አልፎም እስከ ደንበኛው ቤት ማድረሱ የቆየ ልማድ ነው። የሰፈር ባለሱቅም ልጁን ወይም ረዳቱን ልኮ «ይህን ለእትዬ አድርስ» ማለቱ የተለመደ ነው። በሌላውም ዓለም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ አገር እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ገዥው ለባለሱቁ የሚፈልገውን ይነግረዋል፤ ባለሱቁም ከመደርደሪያው አውርዶ ያስረክበዋል ወይም እቤቱ ይልክለት ነበር። ገዥው ራሱ ቅርጫት ይዞ እየለቀመ በመውጫው ላይ እንዲከፍል ያደረገው ሱቅ በሜምፊስ ከተማ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ነው። ያ ሱቅ ዋጋውን ሊቀንስ የቻለው የመልቀሙንና የመሸከሙን ሥራ ለገዥው ስላስረከበ ነበር። ዛሬ ስልኩ ይህን ሥራ ወደ ነጋዴው እየመለሰው ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው ትርፍ እንዲያስገኝ ብልኀት ይጠይቃል። በእንግሊዝ አገር በጌትስሄድ ከተማ በ1984 እ.ኤ.አ. አንዲት የ72 ዓመት ባልቴት ከወንበራቸው ሳይነሡ በቴሌቪዥን መሣሪያ አማካይነት ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል ከቴስኮ ሱቅ አዝዘው እቤታቸው ደርሶላቸዋል። ይኸው ድርጅት በኋላ ዘመን ማድረሱን በሰፊው ሲጀምር፣ ሠራተኞቹ ከነበሩት ሱቆች መደርደሪያ ላይ እየለቀሙ እንዲያሰናዱ አደረገ፤ ስለዚህም አዲስ ወጪው መጠነኛ ሆነለት። በአሜሪካ ደግሞ ዌብቫን የተባለው ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ ገና ደንበኛ ሳያበዛ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የመጋዘን ሥራ ውል ተዋዋለ፤ በሐምሌ 2001 እ.ኤ.አ.ም ከሰረ። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ለአዲስ አበባ ባለሱቅ የሚያስደስት ነው፤ ሱቅ ያለው ሰው መጋዘኑ አለው፣ ደንበኞቹም አሉት፤ የሚጎድለው ሥርዐት ብቻ ነው።

ከሥርዐቱ ዋነኛው ጭነትን ማከማቸት ነው። አንድ አድራሽ በሞተር ብስክሌት ለአንድ ቤት ብቻ ሄዶ ለመመለስ 300 ብር ቢያስወጣ፣ ያ ወጪ በአንድ ደንበኛ ላይ ይወድቃል፤ ደንበኛውም ሁለተኛ አያዝም። በአንድ ሰፈር ያሉ ዐሥር ቤቶች በአንድ ዙር ቢዳረሱና በየቤቱ ለሚባክነው ጊዜ ሌላ 100 ብር ቢጨመር፣ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው 40 ብር ብቻ ነው። ይህም የሚሆነው ባለሱቁ ለየሰፈሩ ቀንና ሰዓት ሲወስን ነው፤ ለምሳሌ ለገርጂ ማክሰኞና ዓርብ ማታ፣ ለሳሪስ ሰኞና ሐሙስ። የአስቤዛ ገዥ እንደ ምግብ ቤት ደንበኛ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይድረስልኝ አይልም፤ በተባለው ሰዓት መድረሱን ግን ይፈልጋል። ወላጅ እቤት በማይኖርበት ሰዓት የመጣ ዕቃ ለሁለቱም ኪሣራ ነው።

ሁለተኛው ሥርዐት ታማኝነት ነው። በስልክ የሚነገረው ዋጋ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ከተለጠፈው ዋጋ ጋር አንድ መሆን አለበት። የማድረሻውን ክፍያ ለብቻው ጽፎ ማስከፈል ተገቢ ነው፤ ማድረሻው ነጻ ነው እያሉ በየዕቃው ላይ ጥቂት ጥቂት መጨመር ግን ሳይውል ሳያድር ይታወቃል። ሚዛኑ ትክክል ይሁን፤ ቲማቲሙም ከላይ የተመረጠ ከሥር የተበላሸ አይሁን። የታዘዘው ዕቃ ያለቀ እንደሆነ ሌላ ዓይነት ከመላክ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይገባል። የተበላሸ ዕቃ ሲመለስም ያለ ክርክር መቀበል ያስፈልጋል። ገዥው ዕቃውን በዐይኑ ሳያይ ገንዘቡን የሚሰጠው ነጋዴውን አምኖ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የተታለለ ደንበኛ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሳይነግር አይቀርም።

ሦስተኛው የአድራሹ የራሱ ጉዳይ ነው። የሱቁን ስም ይዞ ከደንበኛው ደጅ የሚቆመው እርሱ ነው። የሚከፈለው በፍጥነቱ ልክ ብቻ ከሆነ ሕይወቱንም የእግረኛውንም ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። ቋሚ ደመወዝ፣ የራስ ቁርና ዝናብ የማያስገባ የዕቃ ሣጥን ለዚህ ሥራ እንደ ሚዛንና እንደ መደርደሪያ የሚቈጠሩ ናቸው።

አንዳንድ ባለሱቆች በዚህ አሳብ ላይ የሚያቀርቡት ተቃውሞ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። የመጀመሪያው፣ የአገሩ ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ዳብሶ ካልመረጠ አይገዛም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ዳብሰው ከማይመርጧቸው ዕቃዎች ነው፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የዱቄት ወተት፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ ሳሙና፣ የታሸገ ውሃ። እነዚህ ከባዶች ወይም ቦታ ያዦች ስለሆኑ ወላጁን እጅግ የሚያደክሙት እነርሱ ናቸው። እምነት ከጸና በኋላ አትክልቱ ይከተላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ አድራሻን የሚመለከት ነው። የቤት ቁጥር ቢኖርም ሰው ቤቱን የሚናገረው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ» እያለ ስለሆነ አድራሹ በመደወል ብዙ ጊዜ ያጠፋል። ነገር ግን ይህ ችግር የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ ከሩቅ የመጣውን ትልቅ ድርጅት ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ ደንበኞቹን በስም፣ ቤታቸውንም በበራቸው ቀለም ያውቃል። ማን ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም፣ ማን ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተቱን አቁሞ ሽሮና ምስር እንደሚያበዛ፣ ለፋሲካ ዋዜማ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚፈልግ የሚያውቀው እርሱ ነው። ይህን ዕውቀት በደብተር ቢጽፈው ገንዘብ የማይገዛው ሀብት ይሆንለታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአቅም ማነስ ነው። አንድ ትንሽ ሱቅ ለብቻው አድራሽ ለመቅጠር ላይችል ይችላል። አምስት ወይም ስድስት ሱቆች ተስማምተው አንድ አድራሽ በጋራ ቢቀጥሩ ግን ወጪው ለየአንዳንዳቸው ቀላል ይሆናል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ነው። የዳቦ ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱና የሸቀጣ ሸቀጡ ባለቤቶች እርስ በርስ ስለማይሻሙ ለእንዲህ ያለው ኅብረት የተመቹ ናቸው።

በእርግጥ አገልግሎቱ ለሁሉ ሰው ገንዘብ ያተርፋል ማለት አይደለም። ጉልቱ ከደጁ ዐሥር እርምጃ የሚርቅ ሰው፣ ወይም የዕለት ገቢውን ለዕለት የሚገዛ ቤተሰብ፣ ለማድረሻ መክፈሉ ትርፍ ወጪ ነው። ለሁለት እንቁላልና ለአንድ ዳቦ አድራሽ መጥራትም አባካኝነት ነው። ጥቅሙ የሚገኘው የሳምንቱን ወይም የወሩን አስቤዛ በአንድነት ለሚያዝ ቤት ነው፤ ባለሱቁም ይህን ለደንበኛው በግልጽ ቢነግረው ይከበራል።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ ሩቅ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ለባለሱቁና ለገዥው ልማድ እየሆነ መጥቷል፤ አድራሹም ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመዞር ድኗል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ውል ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ትእዛዝ ለመቀበልም አንድ ስልክ፣ አንድ የዋጋ ዝርዝርና አንድ መዝገብ ለመነሻ ይበቃሉ።

አስመጪዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ለማድረስ የሚመቸው ዕቃ በጉዞ የማይፈስ፣ ክብደቱና የአገልግሎት ዘመኑ በግልጽ የተጻፈበት ዕቃ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አስመጪው ዐይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አዙሯል፤ ለአጭር የከተማ ጉዞ የሚሆኑ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የጭነት ብስክሌቶችም ገበያ ሊያገኙ ይችላሉ። ላኪውም ቢሆን ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖር ልጅ ለእናቱ የበዓል ገንዘብ መላክ ልማዱ ነው። ዘይቱና ዱቄቱ፣ በጉም ሳይቀር፣ ከእናቱ ደጅ በጊዜው እንደሚደርስ ቢታመንለት፣ የውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ዕቃውን ከአገር ውስጥ ነጋዴ ለመግዛት አይሳሳም። እምነት ሲጠነክር ከባሕር ማዶ ያለው ይኸው ገዥ በርበሬውንና ሽሮውንም ከዚያው ነጋዴ ያዛል።

ነገሩ አስቸኳይ የሚሆንበት ምክንያትም አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድን፣ የገቢና የወጪ ንግድንም ለውጭ ባለ ሀብቶች ከፍቷል። ብዙ ገንዘብ ያለው ድርጅት ሲመጣ ሰፊ አዳራሽና ያሸበረቀ መደርደሪያ ይዞ እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ በዚህ በኩል የሰፈር ባለሱቅ ሊወዳደረው አይችልም። ቅርበትና ትውውቅ ግን ከእርሱ ዘንድ ናቸው። እነዚህን በሥርዐት ከተጠቀመባቸው ደንበኛውን ይዞ ይቈያል፤ ቸል ካላቸው ግን ሥራ የሚበዛበት ወላጅ ጊዜውን ወደሚያተርፍለት መሄዱ አይቀርም።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቱ አባላት ስለ ማድረሻ ክፍያ፣ ስለ ተመላሽ ዕቃና ስለ አድራሾች አያያዝ አንድ የጋራ ደንብ ቢያረቅቁ መልካም ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ባለሱቁ ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም። ከደንበኞቹ መካከል ሥራ የሚበዛባቸውን ሃያ ወላጆች መርጦ፣ የሚመቻቸውን ቀን ጠይቆ፣ የፊታችንን ሳምንት አስቤዛ ቢያደርስላቸው፣ ሥራው የሚያዋጣ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ከወሩ መጨረሻ በፊት ከራሱ መዝገብ ያነበዋል።