ከጉዞው በፊት ሹራ



ኒካህ ካሰርን ገና ዓመት አልሞላንም። ሁለታችንም እዚሁ ግቢ ተማሪዎች ነን። በሴሚስተሩ እረፍት፣ ኢንሻአላህ፣ ከወንድማችን በተዋስናት መኪና ከድሬዳዋ ተነስተን በደወሌ በኩል ጅቡቲ ልንገባ አስበናል። ከዚህ በፊት ሁለታችንም ከአገር ወጥተን አናውቅም። ወሬውን የሰሙ ወዳጆቻችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ሰጡን። ገሚሱ «ለተማሪ ይህ ቅንጦት ነው» አለን። ገሚሱ ደግሞ «ባል ያቅደው፣ ለሚስት ሰርፕራይዝ ይሁንላት» አለን። ከሁለቱም ጋር አንስማማም።

ኡመር (ረ.ዐ) ሰውን አውቀዋለሁ ያለውን ሰው አብረኸው ተጉዘሃል ወይ ብለው እንደጠየቁት ሲነገር ሰምተናል። ጉዞ ሰውን ይገልጣል። እኛ ግን ገና ሳንነሳ፣ በእቅዱ ብቻ፣ ከኒካህ ወዲህ ያልተነጋገርንበት ብዙ ነገር እንዳለ አየን።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ያለን ለቤት ኪራይ ያጠራቀምናት ናት። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተተምኖ የቆየ ስለሆነ፣ ብር በረከሰ ቁጥር የእኛ ጉዞ ይወደዳል። ስለዚህ ከቁጠባችን ከሩብ በላይ እንዳንነካ ተስማማን። ሒሳቡ ካለፈ ጉዞው ይቀራል። ይህን አንዳችን ብቻ ወስነነው ቢሆን ኖሮ ሌላችን ቂም እንይዝ ነበር።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የመኪናዋ ሊብሬ፣ መኪናዋ የእኛ ስላልሆነች ደግሞ ውክልና ያስፈልጋል። «ቢጫ ካርዱስ?» «ጨርሻለሁ» ተባብለን አንድ ሳምንት በሰላም አደርን። ኋላ ስንጠያየቅ አንዳችን የቢጫ ወባ ክትባቱን ካርድ፣ ሌላችን የኮሜሳን የመኪና መድን ቢጫ ካርድ ነበር የምናስበው። በአንድ ቃል ተስማምተናል፣ ግን በሁለት የተለያየ ነገር! ትዳር ውስጥ ስንቱ ስምምነት እንዲህ ይሆን?

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። ከአንዳችን በኩል «ኬላው ላይ ብንዘገይ ማታም ነድተን እንገባለን» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከሌላኛው በኩል ዝምታ ሆነ። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው እውነቱ የወጣው። ከአንዳችን ቤተሰብ አጎት በማታ የመኪና አደጋ ሞቷል። የማታው መንገድ በተነሳ ቁጥር እንቅልፍ እየጠፋ፣ «ፈሪ እባላለሁ» ተብሎ ተደብቋል። ዝምታ ለልጃገረድ ኒካህ እሺታ ተብሎ ይቆጠራል፤ ግመል በሚያቋርጠው መንገድ በጨለማ ለመንዳት ግን እሺታ አይሆንም።

በሂጅራ 6ኛው ዓመት፣ ሑደይቢያ ላይ፣ ሶሓቦች መስዋዕታቸውን አርደው ፀጉራቸውን እንዲላጩ ሲታዘዙ በሐዘን ዘገዩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ድንኳናቸው ገብተው ጉዳዩን ለኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነገሯት። ምክሯን ሰሙ፣ እንዳለችው ወጥተው ራሳቸው ጀመሩ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ይህ የሆነው በጉዞ ላይ፣ በባልና ሚስት መካከል ነው። ታዲያ «ሚስት በመጨረሻ ትስማው» የሚለውን ከየት አመጣነው?

እኛ አንድ ደንብ አወጣን፦ «እንቁም» የሚለው ቃል «እንሂድ» የሚለውን ያሸንፋል፤ ምክንያትም አይጠየቅም። የአስር ወቅት ገብቶ ደወሌን ካላለፍን እዚያው እናድራለን። ሶላቱም ቢሆን ለሙሳፊር ተገርቶለታል፤ ዙሁር፣ አስርና ኢሻ ወደ ሁለት ረከዓ ያጥራሉ። ዲኑ ለመንገደኛ እንዲህ ካቀለለ፣ እኛ በራሳችን ላይ ለምን እናከብዳለን?

የአሳል ሐይቅን ለማየት ጓጉተናል። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ለዚህም ነው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበትን ክረምት ትተን የሴሚስተሩን እረፍት የመረጥነው። ሐይቁ ሳይታይ ብንመለስ ግን ያተረፍነው አይጠፋም።

ለታጫችሁና ላገባችሁ ሁሉ ምክራችን ይህ ነው፤ ጅቡቲ ባይሆን ሐረር፣ መኪና ባይኖር አውቶቡስ ይሁን። እቅዱን ግን አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሆናችሁ ጻፉት። «እሺ» ያለውንም ሰው «ምኑን ነው እሺ ያልከው? ምኑን ነው እሺ ያልሽው?» ብላችሁ ጠይቁት።