ታሪክ ለደረሰው ልጅ ለቅሶ አያስፈልግም

ሰሞኑን አርሲ፣ ሳጉሬ ላይ የዘመድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ነው ተብሎ ለምርቃት ተጠርተን ነበር። ጭኮው ቀርቧል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ልጁ የደረሰው የታሪክ ትምህርት መሆኑ ሲነገር ግን ቤቱ ቀዘቀዘ። ኮምባይነር የሚያከራዩ አንድ ጎረቤት፣ "አይዞህ ልጄ፣ ዋናው መግባትህ ነው፤ በኋላ ትቀይረዋለህ" አሉት። እናቱ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ሊመርቅ የመጣው ሁሉ ሲያጽናናው ዋለ።

ተናድጃለሁ። ስለ ሰባ ሠላሳው በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ እንደተሟገትን የቆያችሁ አንባቢዎች ታውቃላችሁ። በ2000 ዓ.ም ግድም፣ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ጥናት ይግባ ሲባል የተከፋፈለው ወንበር ብቻ አልነበረም። ክብርም አብሮ ተከፋፈለ። የዚያች እናት አንገት መድፋት የመጣው ከዚያ ነው። "ምን ሊበላበት ነው?" ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ በምህንድስና ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ በየሰፈራችሁ አለ፤ እሱን ጠይቁት።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ጥያቄ ከአርሲ ሰው አፍ መውጣቱ ነው። ስንዴ ስለበዛ ብቻ ሰው እንደማይጠግብ አርሲ በዓይኑ አይቷል።

በ1960 ዓ.ም ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ሆነው በአርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ካዱ የተባለውን የግብርና ልማት ፕሮጀክት ጀመሩ። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ በብድር መጣ፣ ምርቱም አደገ። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ነበር የተጀመረው። ስንዴ ማትረፉን ያየ ባለመሬት ራሴ ላርስ አለ፤ ትራክተር አመጣ፤ ትራክተር ላለው ደግሞ ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? ካዱ ሊረዳው የተነሣው ያው ጭሰኛ ከነልጆቹ ተነቀለ። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ያስተካክላል የተባለው ረቂቅ ሕግም ፓርላማ ገብቶ እዚያው ቀረ።

የዘሩ ባለሙያ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ እሱን አልወቅስም። ሚዛን ያልደፋው "ምርቱ ሲጨምር የሚባረረው ማን ነው?" የሚለው ሰው ቃል ነው። ጠያቂም አልጠፋም ነበር። ካዱ ሳይጀመር፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" እያሉ ፓርላማ ድረስ ወጥተዋል። የጠፋው ሰሚ ነው። የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም እስኪታወጅ ድረስ የተነቀለው ተነቅሎ ነበር።

ዲገሉ በኩል ያሉ አንድ አዛውንት አባታቸው የተነቀሉበትን ቀን አጫውተውኛል። ገብሱ ገና እሸት ነው። የባለመሬቱ መልእክተኛ በጠዋት መጥቶ ተናግሮ ሄደ። አባትየው አልተከራከሩም፤ ከጥድ የተሠራውን በር ከመቃኑ ነቀሉና አህያ ላይ ጫኑት። ቤቱን ትተው በሩን ይዘው ሄዱ። "ሣርና ጭቃ የትም ይገኛል፣ የጥድ ሳንቃ ግን ገንዘብ ነው" አሉኝ አዛውንቱ። ኩንታል በሄክታር የሚቆጥር የትኛውም ሠንጠረዥ ይህን በር አይመዘግበውም። የሚመዘግበው ቁጭ ብሎ መስማት የተማረ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ስለነበረን ነው ስለራሳችን የምናውቀውን ያህል ያወቅነው። ከተቦ አብዲዮ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ እስከ አብዮቱ ያለውን የአርሲ ኦሮሞ ታሪክ ለሁለተኛ ዲግሪው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላይ አጥንቷል። አባስ ሐጂ አርሲ እንዴት እንደተያዘና እንዴት እንደተቋቋመ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር እንኳ፣ ፍልስፍና ሊያስተምር አዲስ አበባ መጥቶ፣ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በቅጽ በቅጽ አሳትሟል። የሩቅ አገር ሰው የአያቶቻችንን ቃል የሚጠና ዕውቀት ካደረገው፣ የራሳችን ልጅ ያንኑ ሊማር ሲነሣ የምናዝንለት ለምንድን ነው?

አሁን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ያኔ ከአባቶቻቸው ጋር የተነቀሉት ልጆች ዛሬ ሰባን እየተሻገሩ ነው። ቅርስ ስንል ሐውልትና ቤተ መንግሥት ይታየናል፤ የእነዚህ ሰዎች ትዝታ ግን በየቀብሩ አብሮ እየተቀበረ ነው። አሰላ ያለው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ስለ አካባቢው የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ የተቀመጡትንም ቅጂ ጨምሮ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ለአካባቢው ሰው ክፍት ቢያደርግ ትልቅ ነገር ነው።

በሳጉሬ፣ በዲገሉና በበቆጂ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ከእናንተም አንድ ነገር እለምናለሁ። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ የሚማር ልጅ ለእረፍት ሲመጣ፣ ካዱን ያዩ አባትና እናት ያሉበትን ቤት አሳዩት። አብራችሁት ሂዱ፣ አስተዋውቁት። በኦሮምኛ የተነገረውን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የተነገረውን በአማርኛ ይጻፍ፤ ስምና ዘመንም አይርሳ። ይህን ለመኸር አታቆዩት።