የምትተኙበትን ቤት አታስይዙ

በአንድ ዘመን ወደዚህ አገር የገባን፣ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ ነድተን፣ ፓርኪንግ ጠብቀን፣ በየሆስፒታሉ ሌሊት አድረን የሞርጌጃችንን መጨረሻ ለማየት የተቃረብን እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ልቤ ከብዶት ነው። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ፣ ከቅዳሴ በኋላም ቡና ስንጠጣ ጨዋታው ሁሉ ወደ አንድ ጉዳይ ሲያዘነብል እሰማለሁ። እገሌ ባልቲሞር አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ በአስር ወር ሸጦ ሰባ ሺህ ዶላር አተረፈ፤ እገሊት አራተኛ ቤቷን አከራየች ይባላል። ያተረፈ ሰው በየደረሰበት ያወራል፤ የከሰረው ግን ለቅሶ ቤት መምጣቱንም ይተዋል፤ ስለዚህ ጆሯችን የሚሰማው የግማሹን ወገን ብቻ ነው።

ይህንኑ ወሬ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 በዚሁ ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የገቢ ማስረጃ ሳይጠይቅ በቃል ብቻ የሚያበድር ሞልቶ ነበር። ለሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ በሦስተኛው የሚያሻቅብ ወለድ፣ ዋናውን ዕዳ ሳይነኩ ወለዱን ብቻ እየከፈሉ የሚቆዩበት ውል በየቤቱ ገባ፤ ክፍያው ሳይጨምር ቤቱ ይሸጣል፣ ካልተሸጠም በአዲስ ብድር ይለወጣል እየተባለ ማንም ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርም ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በጁን 2004 1 በመቶ የነበረውን ወለድ ጥቂት በጥቂት እያነሣ በሁለት ዓመት 5.25 በመቶ አደረሰው። የቤት ዋጋም ከ2006 ወዲህ መውረድ ጀምሮ በ2012 እስኪረጋ ድረስ በአገር ደረጃ ከሩብ በላይ ቀነሰ፤ ብዙ ወገኖቻችን ቤት የገዙባቸው የፕሪንስ ጆርጅስ እና የፕሪንስ ዊልያም ካውንቲዎች ደግሞ ክፉኛ ከተመቱት መካከል ነበሩ።

በዚያ ክፉ ጊዜ ለባልና ሚስት ሽምግልና ተብለን ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ወደ ማናሳስ ወረድን። ሰውዬው ታክሲ ነጂ ነው፤ ሦስት ቤት አለው ይባልለት ነበር። ከማቀዝቀዣው ጎን ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ቆሟል፤ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከባንክ የመጡ፣ አንዳቸውም ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች ታጭቀውበት ነው። ሁለተኛው ቤት የተገዛው በሚስቲቱ ወንድም ስም ነው፤ ሦስተኛው እኖርበታለሁ ተብሎ ተፈርሞ ለተከራይ የተሰጠ ነው፤ የሁለቱም ዳውን ፔይመንት ልጆች ከሚያድጉበት ከመጀመሪያው ቤት ኢኩቲ፣ ማለትም ከዋጋው ላይ ዕዳው ተቀንሶ ከሚቀረው፣ የወጣ ነው። ሁለቱ ቤቶች ብቻ ቢሄዱ ኪሳራ ተብሎ በታለፈ፤ የሚኖሩበት ግን ተይዞ ነበርና እሱም ተከትሎ ሄደ። ወንድምየው ክሬዲቱ ተበላሽቶ ከእኅቱ ጋር ተቆራረጠ። እኛ ለዕርቅ ብንሄድም ዕርቁ የሚያስፈልገው በሰውና በባንክ መካከል ሆኖ አገኘነው፤ ባንክ ደግሞ ሽማግሌ አይቀበልም።

ዘመኑ ተለውጧል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ዛሬ ባንክ ገቢን በወረቀት ይጠይቃል። ባንክ እምቢ ያለውን ግን ሃርድ መኒ የሚባለው አበዳሪ ይቀበለዋል፤ እሱ ከሰውየው ገቢ ይልቅ የሚያየው ቤቱን ነው፤ ቤቱን የሚያየውም ሊወስደው እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። ሰባ ሺህ አተረፈ የምትሉትን ሰው ሒሳብ እስቲ አብረን እናስላ። ቤቱን በ180 ሺህ ገዝቶ በ60 ሺህ አድሶ በ310 ሺህ ሸጠ እንበል፤ ሰባ ሺህ ያሰኘው ይህ ነው። ለመግዣና ለማደሻ ካወጣው ውስጥ 200 ሺውን በ12 በመቶ ለአስር ወር ተበድሮ ከሆነ ወለዱ ብቻ 20 ሺህ ነው፤ አበዳሪው መግቢያ የሚወስደው ሁለት በመቶ 4 ሺህ ነው፤ የሪልተርና የመዝጊያ ወጪው 23 ሺህ ቢሆን፣ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ መብራትና ውኃ ደግሞ 6 ሺህ ቢበሉ፣ በእጁ የሚቀረው 17 ሺህ ነው፤ እሱም የገቢ ግብርና የራስ ሥራ ግብር ገና ሳይቆረጥለት። ገዢ ጠፍቶ ዋጋውን 20 ሺህ ከቀነሰ ያችም አልቃ ከኪሱ ይጨምራል። በዚህ ሥራ የቆዩት፣ ከታደሰ በኋላ ያወጣል ከሚባለው ዋጋ ሰባ በመቶውን ወስደው፣ የማደሻውን ወጪ ቀንሰው ከቀረው በላይ አይከፍሉም። በዚያ ልክ ይህ ቤት ከ157 ሺህ በላይ ሊገዛ አይገባውም ነበር፤ ሰውየው ገና በሩን ሳይከፍት 23 ሺህ አጉድሏል።

ያወጣል የሚባለውን ዋጋስ ማን ያውቀዋል? ዚሎው የሚባለው የቤት ገበያ ኩባንያ ያን ያህል መረጃና ገንዘብ ይዞ ቤት እየገዛ ሲሸጥ ቆይቶ በኖቬምበር 2021 ይህን ሥራውን መዝጋቱንና ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ የሰጠውም ምክንያት የወደፊቱን የቤት ዋጋ መገመት ካሰበው በላይ ማስቸገሩን ነበር። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ምሳ ጋብዞ በሁለት ቀን እንዴት እንደሚገመት አስተምራችኋለሁ ለሚለው ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስቡት።

ርካሽ ነው የምትሉት የባልቲሞር ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ በከተማዋም ከአስር ሺህ በላይ ባዶ ቤት አለ። የእናንተን ጣሪያ ብታድሱ የጎረቤት ባዶ ቤት ጣሪያ ያፈሰሰው ውኃ በጋራ ግድግዳው ገብቶ አዲሱን ቀለም ሲያሳብጠው ታያላችሁ፤ ባለቤቱን ብትፈልጉ አታገኙትም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት በመስኮቱና በበሩ ላይ የእርሳስ ቀለም ሊኖርበት ይችላል፤ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ቤት ማከራየት የሚፈልግ ማስመዝገብና ማስመርመር አለበት፤ የሕፃን ደም የሚመርዝ ነገር ነውና ቸል የሚባል አይደለም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ግራውንድ ሬንት ነው፤ ቤቱን ገዝታችሁ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ በየዓመቱ ትንሽ ኪራይ ትከፍሉለታላችሁ። መሬት የመንግሥት ከሆነበት አገር መጥተን አሜሪካ ውስጥ በሰው መሬት ላይ ቤት ስንገዛ እንኳ ወረቀቱን አለማንበባችን ያሳዝነኛል። ያልተከፈለ የንብረት ግብርም ከተማዋ በየዓመቱ ለምታካሂደው የግብር ጨረታ ይቀርባል። ቤቱ ሰው ሳይኖርበት አንድ ሁለት ወር ከቆየ ተራው ኢንሹራንስ ብዙውን ጉዳት ላይሸፍን ይችላል፤ የመዳብ ቧንቧ የሚሰረቀው ደግሞ በዚያው ጊዜ ነው።

ስለ ኪራይ ብዙ አልልም። ያለ ፈቃድ ማከራየት በሞንትጎመሪ ካውንቲ አይቻልም፤ ተከራይ መክፈል ቢያቆም ማስወጣት በፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮ እስኪሰጥ ድረስ ሞርጌጁ ይቆጥራል። በ2021 ከ3 በመቶ በታች ወለድ ያገኘ ሰው ኪራዩ ይበቃዋል፤ ወለዱ በኦክቶበር 2023 ወደ 8 በመቶ ሲጠጋ የገዛው ግን በየወሩ ከደመወዙ እየጨመረ አከራይ ይባላል።

ይህን ስል ቤት አትግዙ ማለቴ አይደለም፤ ቤት ገዝተው፣ አከራይተው፣ ልጆቻቸውን በዚያ ያስተማሩ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ አንዱን ከፍለው ሳይጨርሱ ሌላ ያልጀመሩ፣ ፈቃድ የሌለውን ኮንትራክተር ዘመድ ነው ብለው ያልቀጠሩ፣ የዕቁብ ዕጣቸውን እንጂ የጡረታ ገንዘባቸውን ያላወጡ ናቸው። የሚያስፈራኝ በስልሳና በሰባ ዓመታችን፣ ጉልበት ሄዶ ክፍያ ሊያልቅ ሲል፣ የምንተኛበትን ቤት መልሰን ለዕዳ ማቅረባችን ነው። ሠላሳ ዓመት ያለው ሰው ቢወድቅ ታክሲውን ይዞ እንደገና ይነሣል፤ እኛ ወድቀን የምንነሣበት ሠላሳ ዓመት ከየት ይመጣል? ለልጅ አስበን ነው እንላለን፤ በልጅ ስም ፈርመን ግን ልጁ የራሱን ቤት ሊገዛ ሲሄድ የእኛን ዕዳ በክሬዲቱ ላይ ያገኘዋል።

ገና ላልፈረማችሁት መንገዱ ክፍት ነው። ትናንት ለፈረማችሁትም ጠባብ በር አለች፤ በመኖሪያ ቤት ኢኩቲ ላይ ለሚወሰድ የግል ብድር የፌዴራሉ ሕግ ሦስት የሥራ ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣል፤ ቅዳሜ ይቆጠራል፣ እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም፤ እስከ ሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ በጽሑፍ ሰርዤዋለሁ ማለት ይበቃል። ብድሩ ለንግድ የተወሰደ ከሆነ ግን ይህ መብት ላይኖር ይችላል፤ ቤት ገዝቶ ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የምትበደሩት ደግሞ ንግድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከሻጩም ከአበዳሪውም ጋር ጉዳይ የሌለው ጠበቃ ዘንድ ውሰዱት፤ ለልጆቻችሁም ሳትደብቁ አሳዩአቸው።